አባይ በረሃን ማን ቆፈረው? ስምጥ ሸለቆ ነው ወይስ ውሃው ነው?

ማሂ_ሰሚት፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ሊሆን ይችላል ግን እኔን ሰሞኑን እንቅልፍ ነስቶኛል። ባለፈው ሳምንት ለሰርግ ባህር ዳር ሄጄ ነበር፣ እስከዛሬ በፕሌን ነበር የምሄደው አሁን ግን ብር አልበቃ ብሎኝ በባስ ሄድኩ፣ ጎሐ ጽዮንን እንዳለፍን መውረድ ጀመርን፣ ወረድን ወረድን አያልቅም፣ ጆሮዬ ድፍን አለ፣ ከቤት ጃኬት ላይ ጋቢ ደርቤ የወጣሁት ሴትዮ ድልድዩ ጋር ስንደርስ በቲሸርት ቀርቼ በሰርግ መጥሪያው እያራገብኩ ነበር። ከዛ ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ላይ። ደጀን ስንወጣ ጃኬቱ ተመልሶ ተለበሰ።

አጠገቤ የነበሩ አባት "ይሄ የስምጥ ሸለቆ ነው፣ መሬት ተሰንጥቆ ነው እንዲህ የሆነው" አሉኝ። ከኋላ የነበረ ልጅ ደግሞ "አይደለም አባባ ውሃው ነው የቆረጠው" አላቸው። ከዛ ክርክሩ ተጀመረ፣ ደጀን ወርደን ቁርስ በልተን ስንመለስም እዛው ነበሩ።

ማናቸው ናቸው ልክ? ውሃው ከሆነስ ውሃ እንዴት አድርጎ ነው ድንጋይ እንደዛ የሚቆርጠው? ደሞ አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ አንቴሎፕ ካንየን የሚባል ቦታ የተነሳችውን ፎቶ ላከችልኝ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ግራና ቀኝ ግድግዳውን ነክታዋለች። ያም ካንየን ይሄም ካንየን? የኛው እኮ ከዚህ ማዶ ቆመሽ እዛ ማዶ ያለ ቤት የክብሪት ቀፎ አያክልም።

ድንጋይ_ቆጣሪ፦

እህቴ ልጁ ነው ልክ፣ አባትየውም ግን ሙሉ በሙሉ አልሳቱም፣ እመለስበታለሁ። ጂኦሎጂ ነው የተማርኩት፣ እዛ መንገድ ላይ ለፊልድ ስራ በእግራችን ወርደን ወጥተናል፣ ስለዚህ ትንሽ ልጻፍ ታገሱኝ።

ስምጥ ሸለቆ መሬቱ ግራና ቀኝ ሲሳሳብ መሀሉ የሰመጠ ነው፣ ስሙ ራሱ ይናገራል። ድንጋዩ የትም አልሄደም፣ ወደ ታች ወርዶ ተኝቷል። አባይ በረሃ ግን ድንጋዩ የለም። ተወስዷል፣ ሱዳንና ግብፅ ሄዶ የእርሻ መሬት ሆኗል። ልዩነቱን በአይንሽ ማየት ትችያለሽ፦ ደጀን አፋፍ ላይ ቆመሽ ወደ ሸዋ ስታዪ በዛኛው ግድግዳ ላይ ነጣ ያለ ቀበቶ የመሰለ ንጣፍ ታያለሽ፣ አንቺ ከቆምሽበት ስር ያለውም እሱው ነው፣ ከፍታውም ያው ገደማ ነው። ማለት ድሮ አንድ ነበሩ፣ መሀሉ ነው ተጠርጎ የሄደው። ጣርማበር ላይ ቆመሽ ወደ ደብረ ሲና ስታዪ ግን እንደዛ ፊት ለፊት የሚገጥምሽ ግድግዳ የለም፣ መሬቱ ደረጃ በደረጃ እየሰመጠ ወደ አፋር ይሄዳል። ያ ነው የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ።

አሁን ወደ ግድግዳው። ጎሐ ጽዮን አፋፍ ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈስሶ የረጋ እሳተ ገሞራ ነው፣ ባዛልት። ከሱ ስር የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዛ ጭቃ ድንጋይ፣ ከዛ ያ ነጩ የኖራ ድንጋይ፣ ከዛ ጀሶ ያለበት ንጣፍ፣ ድልድዩ አካባቢ ደግሞ ሌላ በጣም የቆየ የአሸዋ ድንጋይ። የጀሶው ንጣፍ በሳይንሱ ስሙ ጎሐ ጽዮን ነው የሚባለው፣ የላይኛው አሸዋ ድንጋይ ደብረ ሊባኖስ፣ ጭቃ ድንጋዩ ሙገር፣ የውጭ አገር ጂኦሎጂስት ሁሉ በኛ ከተሞች ስም ነው የሚጠራቸው (ይሄን ሳውቅ ደስ ብሎኝ ነበር አልዋሽም)። የኖራ ድንጋዩ የተሰራው ባህር ስር ነው፣ ዳይኖሰር በነበረበት ዘመን ያ ሁሉ አገር ባህር ነበር። ሙገር ላይ የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለውም ለዚሁ ድንጋይ ብሎ ነው።

ከዚህ አንድ ነገር ታውቂያለሽ። ወንዙ የላይኛውን ባዛልት ቆርጦ ነው የወረደው፣ ስለዚህ ገደሉ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ሊበልጥ አይችልም። ዳቦው ሳይጋገር ቢላዋ አይገባበትም። ያጠኑት ሰዎች ቁፋሮው ከ29 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ቀስ ብሎ ሲሄድ ቆይቶ 10 ሚሊዮን ገደማ ላይ ፈጠን አለ፣ 6 ሚሊዮን ላይ ደግሞ ይበልጥ ፈጠነ ነው የሚሉት። ለምን ፈጠነ? አገሩ ከስር እየተነሳ ስለነበር ነው። ጣውላ ቤት ገብተሽ ካየሽ መጋዙ ካለበት አይነቃነቅም፣ ግንዱ ነው የሚገፋበት። ወንዙ መጋዝ ነው፣ ደጋው ግንዱ ነው። ደጋውን ከስር የሚገፋው ደግሞ ያው የስምጥ ሸለቆውን የከፈተው ከምድር ስር ያለው ሙቀት ነው። አባትየው ሙሉ በሙሉ አልሳቱም ያልኩት ለዚህ ነው፣ ሁለቱ የአጎት ልጆች ናቸው።

ቤቢ_ኩል፦

ብሮ አክብሬህ ነው ግን አልዋጥልኝም። ውሃ እኮ በጣት የሚበሳ ነገር ነው። 1500 ሜትር ድንጋይ ቆረጠ ስትለኝ እኔ ቤት ቧንቧው 10 ዓመት ሙሉ ሲንጠባጠብ ሲንኩን እንኳን አልበሳውም ሃሃሃ

ድንጋይ_ቆጣሪ፦

ሃሃ የሲንኩ ነገር ጥሩ ነው። ግን ቧንቧህ ንጹህ ውሃ ነው የሚያንጠባጥበው። ብረት በባዶ እጅህ ብታሸው ይሞረዳል? አይሞረድም፣ ብርጭቆ ወረቀት ስትይዝ ግን ይሞረዳል፣ አሸዋው ነው የሚሰራው እጅህ ገፊ ነው። ወንዝም እንደዛ ነው፣ ውሃው ገፊ ነው፣ የሚቆርጠው የተሸከመው አሸዋና ድንጋይ ነው። የእናቶቻችንን ወፍጮ አስበው፣ መጁ ሲመላለስበት ከስር ያለው ድንጋይ መሀሉ ይጎደጉዳል አይደል? ያ እንግዲህ በአንድ ሴት እድሜ ነው፣ ያውም መሀል ላይ ልስልስ ያለ እህል እያለ። ጅረት ዳር ሄደህ ደግሞ ድንጋይ ላይ ክብ ጉድጓድ ታያለህ፣ ውስጡ ሁለት ሶስት ድቡልቡል ጠጠር ተቀምጧል፣ ቆፋሪዎቹ እነሱ ናቸው፣ ውሃው እያሽከረከራቸው ነው የበሱት።

ደሞ በክረምት አባይን አይተኸዋል? እንደ ቀጠነ ሹሮ ነው የሚፈሰው። የሚያልፈው ውሃ ብቻ አይደለም፣ ጎጃምና ወሎ ነው የሚያልፈው። ጣና 1800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ሱዳን ድንበር ሲደርስ 500 ሜትር አካባቢ ወርዷል፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት ሲንደረደር ነው ጉልበት የሚያገኘው።

ጊዜውን ደግሞ አስላው፣ 1500 ሜትሩን ለ29 ሚሊዮን ዓመት ብታካፍለው በ1000 ዓመት 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚደርሰው። በአማካይ ማለቴ ነው። ላሊበላ ከተወቀረ ጀምሮ እስከ ዛሬ 4 ሳንቲ ሜትር በለው። ለቧንቧህም ትንሽ ጊዜ ስጠው።

የበረሃው_ሹፌር፦

ልጆቼ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ትምህርቱ የለኝም፣ ግን ያንን በረሃ ከሃያ ዓመት በላይ ወርጄ ወጥቼበታለሁ፣ በፊት በአይሱዙ አሁን በሲኖትራክ፣ የአሮጌውን ድልድይ ጊዜም የአዲሱንም አይቻለሁ። አንድ የማልረሳው ነገር አለ። አስፋልቱ ሁሌ የሚሰምጠው አንድ ቦታ ላይ ነው። ይሰራል፣ ክረምት ይገባል፣ ደግሞ እንደ አልጋ መሀሉ ይረግባል፣ እንደገና ይሰራል። ከሱ አለፍ ስትል ደግሞ ግድግዳው ቀጥ ብሎ የቆመ ድንጋይ ነው፣ እሱ ጋ መንገዱ በዓመቱም ያው ነው። እኛ ሾፌሮች "ይሄ ሰፈር ይራመዳል" ነው የምንለው። አንዴ ነሐሴ ላይ ወደ ላይ ስወጣ ናዳ መንገዱን ዘግቶ ከነጤፉ አንድ ሌሊት አድሬያለሁ፣ ጠዋት ስናይ ከትላንት ወዲያ የነበረ የግራር ዛፍ ከነስሩ ቆሞ ወደ ታችኛው ኩርባ ወርዷል። ዛፉ አልወደቀም እኮ፣ ቆሞ ነው የሄደው። ይሄ ምንድነው?

ድንጋይ_ቆጣሪ፦

ጋሼ ትምህርቱ የለኝም አይበሉ፣ ያሉት ነገር እኛ ሪፖርት ጽፈን ያልነው ነው። ቀጥ ብሎ የቆመው ባዛልቱ፣ የኖራ ድንጋዩና የአሸዋ ድንጋዩ ነው፣ ጠንካራ ስለሆነ ገደል ሆኖ ይቆማል። የሚራመደው ሰፈር ጭቃ ድንጋዩና ጀሶ ያለበት ንጣፍ፣ እላያቸውም ከላይ ተንዶ የተከመረው አፈርና ፍርስራሽ ነው። ጭቃ ድንጋይ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል ይላላል፣ ጀሶ ደግሞ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ስለዚህ ከላይ ያለውን ሸክም መያዝ ያቅተዋል፣ ቀስ ብሎ ከነዛፉ ይንሸራተታል። ገደሉን ከሩቅ ሲያዩት ደረጃ ደረጃ የሚመስለው ለዚህ ነው፣ ገደል ከዛ ዳገት ከዛ ገደል፣ ጠንካራው ገደል ይሆናል ለስላሳው ዳገት ይሆናል።

ማሂ "ለምን ሰፊ ሆነ" ላልሽው መልሱም ይሄው ነው። ወንዙ የሚቆፍረው ወደ ታች ነው፣ እሱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ጠባብ ቦይ ነበር የሚሆነው። የሚያሰፋው ናዳው፣ ዝናቡ፣ ከጎን የሚገቡት እነ ጀማ፣ እነ ሙገር፣ እነ በሽሎ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ገደል አላቸው። ግድግዳው ይወድቃል፣ አባይ ጠርጎ ይወስዳል፣ ቦታ ይለቅለታል፣ ደግሞ ይወድቃል። ጋሼ ያደሩባት ሌሊት አባይ በረሃ ትንሽ የሰፋባት ሌሊት ነበረች።

ፊኒክስ_ነዋሪ፦

ስለ አንቴሎፕ እኔ ልመልስ፣ ቅርቤ ነው፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር አስጎብኚው እኔ ነኝ ሁለቴ ሄጃለሁ። እህታችን ያልሽው ልክ ነው፣ አንዳንዱ ቦታ በጎን ነው የምታልፊው፣ ወፍራም ሰው ትንፋሹን ይዞ ያልፋል። ከላይ ብትሄጂበት መሬት ላይ ያለ ስንጥቅ ነው የሚመስለው፣ ውስጡ ስትገቢ ግድግዳው እንደ ነጠላ ጥለት የተጣጠፈ ብርቱካንማ ድንጋይ ነው፣ እኩለ ቀን ላይ ብርሃኑ ከላይ እንደ ዘንግ ይወርዳል። ቦታው የናቫሆዎች ነው፣ ያለነሱ አስጎብኚ አያስገቡም።

እንደዛ የጠበበበት ምክንያት አገሩ ደረቅ ስለሆነ ነው፣ ዝናብ ግድግዳውን አይንደውም፣ ድንጋዩም ከላይ እስከ ታች አንድ አይነት የአሸዋ ድንጋይ ነው፣ ጋሼ የሚሉት የሚራመድ ሰፈር የለውም። የሚቆርጠው በዓመት አንድ ሁለቴ ድንገት የሚመጣ ደራሽ ጎርፍ ነው። ይሄ ቀልድ አይደለም ደሞ፣ ኦገስት 12 ቀን 1997 ዝናቡ ሌላ ሩቅ ቦታ ዘንቦ እነሱ ያሉበት ብዙም ሳይዘንብ ጎርፉ መጥቶ 11 ቱሪስት ጨርሷል። ከዛ በኋላ ነው የብረት መሰላል ምናምን የተደረገው።

ግራንድ ካንየን ግን የአባይ ወንድም ነው። 446 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ ሰፊው ቦታ 29 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ 1.8 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የቆፈረው የኮሎራዶ ወንዝ ነው፣ አብዛኛው ሰው 5 ወይ 6 ሚሊዮን ዓመት ነው የሚለው፣ ከፊሉ በጣም የቆየ ነው የሚሉም አሉ ክርክሩ አላለቀም። ሌላው ልዩነት ግራንድ ካንየን ስር ያለው ድንጋይ 1.7 ቢሊዮን ዓመት ምናምን ነው፣ አፋፉ ላይ ያለው ራሱ 270 ሚሊዮን ነው። የአባይ አፋፍ 30 ሚሊዮን ካልክ የኛው ኮፍያ አዲስ ነው ማለት ነው። እውነቱን ልንገራችሁ አይደል፣ ግራንድ ካንየን መጀመሪያ ሳየው "ይሄማ ደጀን ነው" ነው ያልኩት፣ አብረውኝ የነበሩት ነጮች ምን እንዳልኩ አልገባቸውም። ልዩነቱ እዚህ አፋፉ ላይ አጥር፣ ሆቴል፣ ሱቅ አለ፣ ደጀን ላይ በቆሎ ጠብሳ የምትሸጥ ልጅ ናት ያለችው።

አማን_ነበርኩ፦

እኔም አንዱን አይነት አይቻለሁ። ዮርዳኖስ ስሰራ ማዳሞቼ ለበዓል ፔትራ ይዘውኝ ሄደው ነበር። መግቢያው ሲቅ ይባላል፣ 1.2 ኪሎ ሜትር በእግር ነው፣ ግራና ቀኝ ገደል ሰማዩ እንደ ክር ነው የሚታየው። አስጎብኚው መጀመሪያ ተራራው በመሬት መንቀጥቀጥ ተሰንጥቆ ነው ከዛ ውሃው ገብቶ አለሰለሰው ነው ያለው፣ የሁለቱን ጎን ድንጋይ ብታገጥሚው ይገጥማል አለን። የድሮዎቹ ሰዎች ደሞ ጎርፍ እንዳይገባባቸው አፉ ላይ ግድብ ሰርተው ውሃውን በዋሻ በኩል አዙረውታል። ስለዚህ የባሱ አባት እዛ ቢሄዱ ክርክሩን ያሸንፉ ነበር።

ድንጋይ_ቆጣሪ፦

አማን_ነበርኩ በጣም ጥሩ ምሳሌ ነው። ስንጥቅ መንገድ ይመራል፣ ውሃ ይከተላል።

ሌላ ያልተነሳ አይነት ልጨምር፣ ፏፏቴ ወደ ኋላ እያፈገፈገ የሚሰራው። ፏፏቴ ከስሩ ይቦረቡራል፣ ከላይ ያለው ጠንካራ ድንጋይ መደገፊያ ያጣና ይወድቃል፣ ፏፏቴው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ፊት ለፊቱ ያለፈበት ገደል ሆኖ ይቀራል። ናያግራ በ12 ሺህ ዓመት ገደማ 11 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ሄዷል፣ በዓመት ወደ አንድ ሜትር ማለት ነው። ጢስ አባይ የሄደ ሰው ደግሞ ያስታውስ፣ ከፏፏቴው ዝቅ ብሎ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሰራው የድንጋይ ድልድይ ያለበት ቦታ ወንዙ ጥቁሩ ድንጋይ ውስጥ ምን ያህል ጠቦ እንደሚያልፍ። ያ ሁሉ ወንዝ እዛች ቦይ ውስጥ ነው የሚታሸገው። ከዛ ወርዶ ነው ጎሐ ጽዮን ላይ ያንን የሚያክለው።

ቤቢ_ኩል፦

እሺ ተቀበልኩ። ግን ሁሉም ሚሊዮን ዓመት ነው የሚፈጀው? ማንም ሳያይ?

ፊኒክስ_ነዋሪ፦

አይ፣ ቴክሳስ ላይ በ2002 አንድ ግድብ ሞልቶ በማስተንፈሻው በኩል ፈሰሰና በሶስት ቀን ገደማ 2 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ፣ በአማካይ 7 ሜትር የሚጠልቅ ገደል ተሰራ። ካንየን ሌክ ይባላል ቦታው፣ ከዛ በፊት ዛፍ የበቀለበት ተራ ሸለቆ ነበር። ድንጋዩ በፊትም የተሰነጣጠቀ ስለነበር ውሃው እንደ ጡብ እየነቀለ ነው የወሰደው። አሁን ሰው ከፍሎ ይጎበኘዋል።

ድንጋይ_ቆጣሪ፦

ደግሞ ማንም ሳያይ ላልከው ባህር ስር ያሉት አሉልህ። የኮንጎ ወንዝ አፍ ላይ የሚጀምር ካንየን አለ፣ ባህር ስር ገብቶ በመቶ ኪሎ ሜትሮች ይቀጥላል። እዛ የሚቆርጠው ወንዝ አይደለም፣ አሸዋና ጭቃ ከባህር ውሃ ጋር ተደባልቆ እንደ ናዳ ቁልቁል ሲንደረደር ነው። ጃንዋሪ 2020 ላይ አንዱ ተነስቶ ከ1100 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጦ የኢንተርኔት ኬብሎች በጠሰ፣ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ደቡብ አፍሪካ ኔትወርክ ተንቀራፈፈ። ካንየን ሲቆፈር የታወቀው ዩቲዩብ እምቢ ሲል ነው ማለት ነው።

ጨዋታ_አዋቂ፦

ዝም ብዬ ሳነብ ቆይቼ አንድ ነገር ገባኝ። "አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል" ሲሉ ትንሽ ነው የከሰሱት፣ ሰውየው አገር ይዞ ነው የሚዞረው፣ ግንዱ ላይ ነው የተያዘው።

ድንጋይ_ቆጣሪ፦

ሃሃሃ አሁን ግን ማደሪያ አግኝቷል እኮ። የሚያመጣው ደለል አብዛኛው ህዳሴ ግድብ ሃይቅ ውስጥ ነው የሚያድረው። እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ጥያቄ ነው፣ ሌላ ቀን።

ማሂ_ሰሚት፦

ወይኔ እናንተ ሰዎች! አንድ ጥያቄ ጠይቄ ኮንጎ ባህር ስር ደረስኩ። አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። የመጨረሻ ጥያቄ ለጋሼ ሹፌሩ፣ ያ ነጭ ቀበቶ የተባለውን ለማየት ባሱ ላይ በየት በኩል ልቀመጥ? ስሄድ በመጋረጃው በኩል ነበርኩ ግማሹን አላየሁም።

የበረሃው_ሹፌር፦

ልጄ በየትም ብትቀመጪ ያው ነው፣ መንገዱ እየተጠማዘዘ ገደሉ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ነው የሚመጣው። ባስ ደግሞ አይቆምልሽም። ለማየት ከፈለግሽ ደጀን ውረጂና ከሰዓት በኋላ አፋፉ ላይ ቁሚ፣ ፀሐይዋ ያኔ የሸዋውን ግድግዳ ታበራዋለች፣ ነጩም ጥቁሩም ይለያል። ጠዋት ጭጋግ አለው፣ ክረምት ጭራሽ አትሞክሪው። ጫፉ ድረስ ግን እንዳትሄጂ፣ ያ ልጅ ያለውን ሰምተሻል ይራመዳል።

ማሂ_ሰሚት፦

እሺ ጋሼ። ወይ ደግሞ ሲመለሱ እርሶ ይዘውኝ ይምጡ፣ ቀስ ብለው ስለሚነዱ አያለሁ።

የበረሃው_ሹፌር፦

ጋቢና ሞልቷል፣ ከጤፉ ላይ ከተቀመጥሽ ቦታ አለ።